ቁጭ ብለው ሲመረመሩ የማይታይ ሕመም፦ ከኮሮና በኋላ የአንዲት የደሴ እናት የሳንባ ሁኔታ የሁለት ዓመት ክትትል

በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንዲት የ48 ዓመት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ሆነው ደሴ ውስጥ ወደምሠራበት የውስጥ ደዌ ተመላላሽ ክፍል መጡ። በእጃቸው ሁለት ወረቀቶች ይዘው ነበር። አንደኛው በመጋቢት ወር በኮሮና ታመው ተኝተው ከታከሙበት ሲወጡ የተሰጣቸው ማጠቃለያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሌላ የጤና ተቋም የተጻፈና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንዲጀመርላቸው የሚያዝ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲናገሩ ደኅና ሰው ይመስላሉ። ጣታቸው ላይ የተሰካው፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክሲጅን መጠን የሚለካው ኦክሲሜትርም 93 በመቶ ያሳያል፤ ይህ ቁጥር በደሴ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም። «ዶክተር፣ ቁጭ ስል ምንም የለብኝም፤ ስነሣ ነው ሰው የማልሆነው» አሉኝ። ጉዳዩን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ንግግራቸው ነው፤ ከእኔ በፊት ያዩአቸው ባለሙያዎች ሁሉ የመረመሯቸው ቁጭ ባሉበት ነበርና።

ታሪካቸው ለሌሎች ባለሙያዎችና ለታማሚዎች እንዲጠቅም ተብሎ እንዲጻፍ ታካሚዋ ፈቅደዋል። ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና የታከሙባቸውን ተቋማት ግን አልጠቅስም።

የሕመሙ አመጣጥ

ታካሚዋ የሚተዳደሩት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው። ይህን ሥራ የጀመሩት የዛሬ 25 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ የሚጋግሩትም በእንጨትና በኩበት፣ ጭሱ በበሩና በጣሪያው ሥር ብቻ በሚወጣበት ጠባብ ማድቤት ውስጥ ነው። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ አስም፣ የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታ ወይም ቀድሞ የታከመ ነቀርሳ የለባቸውም። ቤታቸው ከዋናው መንገድ በታች፣ ዳገት ወጥተው ከሚደርሱበት አስፋልት ርቆ ነው የሚገኘው። ከመታመማቸው በፊት የእንጀራ መሶብ ተሸክመው ያን ዳገት ሳያርፉ ይወጡት ነበር።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተረጋገጠ ዓመት ሞልቶት፣ በሽታው በአገሪቱ በብርቱ በተስፋፋበት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ታካሚዋን ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ደረቅ ሳል ጀመራቸው። በሦስተኛው ቀን ሽታ ጠፋባቸው፤ በስምንተኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸው። ሕክምና ሲደርሱ የኦክሲጅን መጠናቸው 82 በመቶ የነበረ ሲሆን፣ ከአፍንጫ የተወሰደው ናሙና ቫይረሱ እንዳለባቸው አረጋገጠ። 12 ቀን ተኝተው በጭንብል በደቂቃ እስከ 10 ሊትር ኦክሲጅን፣ በቀን 6 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን ለ10 ቀን፣ እንዲሁም ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሄፓሪን ተሰጣቸው። የመተንፈሻ መሣሪያ ውስጥ ሳይገቡ፣ ያለ ኦክሲጅን 90 በመቶ ላይ ሆነው ወጡ።

ረመዳን የገባው ከወጡ በሳምንቱ ነበር። ሶላት ቆመው መስገድ አቅቷቸው ተቀምጠው ሰገዱ፤ «ይህ የድካም ጊዜ ነው፣ ያልፋል» ብለው ታገሡ፤ ዒድም አለፈ፣ ድካሙ ግን አላለፈም። እኔ ዘንድ ሲመጡ ሕመሙ ከጀመራቸው 11 ሳምንት ሞልቶት ነበር። ያንኑ ዳገት ባዶ እጃቸውን ሲወጡ አራት ጊዜ ያርፋሉ። ብዙ ሲናገሩና ጭስ ሲሸታቸው ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል። አንድ ቀን ጠንከር ያለ ሥራ ከሠሩ በማግስቱ ከአልጋ አይነሡም። ፀጉራቸው በእፍኝ ይረግፋል። ሽታቸው ጥቂት ቢመለስም የተዛባ ነው፤ የሚቆላ ቡና የተቃጠለ ላስቲክ ሆኖ ይሸታቸዋል፣ ሊጡ መኮምጠሩንም በማሽተት መለየት ስላቃታቸው ልጃቸው እያሸተተች ትነግራቸዋለች። ይህ የመጨረሻው ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለጋጋሪ ግን ሙያውን በከፊል እንደመነጠቅ ነው።

የነቀርሳው ወረቀት

በአገራችን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ሁሉ የነቀርሳ ምርመራ ይደረግለት የሚለው አሠራር ትክክል ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። ችግሩ እዚህ ላይ ምርመራው ሳይደረግ ወደ ሕክምናው መታለፉ ነበር። ወረቀቱን የጻፈው ባለሙያ በኤክስሬዩ ላይ ጥላ አይቷል፣ ሳሉ መቆየቱንም ሰምቷል። ሳሉ ደረቅ ስለሆነ አክታ አልተገኘም፤ ሁለት ዙር ፀረ ባክቴሪያ ተሰጥቶም ለውጥ አልመጣም። ከዚያ በኋላ የተረፈው መልስ ነቀርሳ ነው ተባለ። የእኔን ባልደረቦች ጨምሮ ብዙዎቻችን በዚያ ወቅት በዚህ መንገድ ሄደናል፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም።

ነገር ግን ጥላው ያለበት ቦታ መታየት ነበረበት። በጎልማሳ ሰው ላይ የሚነሣ የሳንባ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሳንባው የላይኛው ክፍል ነው። የታካሚዋ ጥላ በሁለቱም ሳንባዎች ግርጌና ጠርዝ ላይ ነበር። የሌሊት ላብም ሆነ ትኩሳት አልነበራቸውም፤ በሕመሙ ወቅት ከቀነሱት ኪሎም ጥቂቱን መልሰዋል። የበለጠ የረዳን ደግሞ የልጃቸው ስልክ ነው። በመጋቢት የተነሣው ኤክስሬይ መስኮት ላይ ተይዞ ሳለ ልጅቱ ፎቶ አንሥታው ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናያቸው የሰኔው ጥላ ከመጋቢቱ ግማሽ ያህል ቀንሷል። ያለ ምንም የነቀርሳ መድኃኒት በሁለት ወር ተኩል ውስጥ እንዲህ መሳሳቱ ከነቀርሳ ይልቅ ቀስ እያለ ለሚሽር የኮሮና የሳንባ ቁስል ይመሰክራል።

ጨዋማ ውኃ በመሣሪያ እየተነፈሱ ስበው አክታ እንዲያወጡ አደረግን፤ በተለያዩ ሁለት ቀናት የተወሰደው ናሙና የነቀርሳን ተሕዋስ በዘረመሉ በሚለየው በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ነቀርሳ አልተገኘበትም። የኤችአይቪ ምርመራውም ነጻ ሆነ። ከነቀርሳ ክፍሉ ባልደረቦች ጋር ተመካክረን መድኃኒቱን አቆየነው፤ ትኩሳት ወይም የክብደት መቀነስ ከመጣ ወዲያው እንዲመለሱ ተነገራቸው። ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት፣ በቀጣዮቹ አራት ወራት ሁለት መድኃኒቶች የሚወሰዱበትና ጉበትን ሊጎዳ የሚችል ነው። ታካሚዋን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር፤ «ሳንባዋ ታመመ ከተባለ ማን እንጀራዬን ይገዛኛል?» ብለው ጠየቁኝ።

የሠላሳ ሜትሩ ኮሪደር

በአልጋ ላይ ምርመራቸው በሁለቱም ሳንባ ግርጌ፣ አየር ሲስቡ መጨረሻ ላይ የሚሰማ ቀጭን የመንጣጣት ድምፅ ነበረ። የትንፋሽ ብዛታቸው በደቂቃ 20፣ የልብ ምታቸው 92፣ የደም ግፊታቸው 128 በ80 ነው። እግራቸው አላበጠም። ሄሞግሎቢናቸው 13.9 ስለሆነ ድካሙን በደም ማነስ ማስረዳት አይቻልም። እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ «ደኅና ነዎት፣ ጊዜ ይፈልጋል» ብለን ልንሸኛቸው እንችል ነበር።

ኮሪደራችን ላይ በሜትር ተለክቶ፣ ወለሉ ላይ በቀለም የተሰመረ የ30 ሜትር ርቀት አለ። ታማሚው በዚያ መስመር ላይ በራሱ ፍጥነት ለ6 ደቂቃ እየተመላለሰ ይሄዳል፤ ነርሷ ኦክሲሜትሩን እያየች ትከተለዋለች። ታካሚዋ በ6 ደቂቃ ውስጥ የሄዱት 312 ሜትር ብቻ ነበር። ከርቀቱ በላይ የነገረን ኦክሲጅናቸው ነው፤ ሲጀምሩ 93 የነበረው በአራተኛው ደቂቃ 85 በመቶ ደረሰ። በእንዲህ ያለ ፈተና የ4 ነጥብና ከዚያ በላይ መውረድ ትርጉም ያለው ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል፤ የእርሳቸው እጥፉ ነው። ሲጨርሱ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሦስት ደቂቃ ያህል ፈጀባቸው። ልጃቸው ቁጥሩን በዓይኗ ስታይ አለቀሰች፤ ለወራት «ሥራ ጠልተሽ ነው» የሚሏቸው ዘመዶች ነበሩና።

ቁጭ ብሎ 93 የሆነ ሰው ሲሄድ 85 የሚሆነው ለምንድን ነው? አየር ከሳንባችን ከረጢቶች ወደ ደም የሚያልፈው እጅግ ስስ በሆነ ግድግዳ በኩል ነው። ሰው ሲያርፍ አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ በከረጢቱ ዙሪያ ባሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሦስት ሩብ ሰከንድ ያህል ትቆያለች። ጤነኛ ሳንባ በዚያ ጊዜ ሲሶ ውስጥ ኦክሲጅኑን አስይዟት ይጨርሳል፤ የተረፈው መጠባበቂያ ነው። ዳገት ሲወጣ ልብ ደሙን ስለሚያፈጥነው ቆይታዋ ወደ ሩብ ሰከንድ ይወርዳል። ግድግዳው በቁስልና በጠባሳ የወፈረበት ሳንባ በዕረፍት ጊዜ መጠባበቂያውን እየበላ ደኅና ይመስላል፤ ደሙ ሲፈጥን ግን ሕዋሷ ሳትሞላ ታልፋለች። ስለዚህ ሕመሙ በዕረፍት ተደብቆ በእንቅስቃሴ ይገለጣል።

በወሎ ደጋ ደግሞ ይህ ይብሳል። ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋው የደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት፣ ከእርሱም ጋር የምንስበው ኦክሲጅን ግፊት፣ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። በደማችን ያለው ኦክሲጅን ከግፊቱ ጋር ያለው ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ መጀመሪያ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይቆይና ከዚያ እንደ ገደል ይወርዳል። በቆላ የሚኖር ሰው ከሜዳው መሐል ቆሟል፤ እኛ የቆምነው አፋፉ ላይ ነው። ትንሽ የሳንባ ጉዳት በቆላ ሰው ላይ በኦክሲሜትር ላይታይ ይችላል፤ እዚህ ግን ጥቂት እርምጃ ወደ ገደሉ ይገፋል።

ሆኖም ከፍታውን ለሁሉም ነገር ማመካኛ ማድረግም ስሕተት ነው፤ «ደሴ ስለሆነ ነው» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማራ ገበሬዎች አማካይ የኦክሲጅን መጠናቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከፍታውን ለምዶታል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የደሴ ሰው ሲራመድ 85 ከደረሰ ጥፋቱን ከጦሳ ተራራ ሳይሆን ከሳንባው መፈለግ ይገባል።

ስፓይሮሜትሪና ሲቲ ስካን

ስፓይሮሜትሪ ሰው የሚያወጣውን አየር መጠንና ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ነው። በሙሉ ኃይል ስበው በሙሉ ኃይል ሲያወጡ የተለካው ጠቅላላ አየር 1.78 ሊትር ሆነ፤ ይህም ለዕድሜያቸውና ለ157 ሴንቲ ሜትር ቁመታቸው ከሚጠበቀው 64 በመቶ ነው። ከዚያ ውስጥ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ የወጣው 1.49 ሊትር፣ ማለትም ከሚጠበቀው 67 በመቶ ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል 0.84 ይሰጣል። የአየር ቧንቧን የሚከፍተው ሳልቡታሞል ከተሰጣቸው በኋላ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ቧንቧዎቹ ክፍት ሆነው ሳንባው ራሱ እንደጠበበ የሚጠቁም ውጤት ነው፤ የሚጠቁም እንጂ የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ለማረጋገጥ በሳንባ ውስጥ የሚቀረውን አየር ጭምር የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከኮሮና በኋላ ከሁሉ በፊት የሚጎዳውና ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለሰው ጋዝ ከከረጢት ወደ ደም የማሳለፍ አቅም ነው፤ እርሱንም የምንለካበት መሣሪያ እኛ ዘንድ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ከኮሪደሩ የተገኘው የኦክሲጅን መውረድ የዚያ ምርመራ ምትክ ሆኖልናል።

«ከሚጠበቀው» የሚለው ቃል በራሱ ጥንቃቄ ይሻል። መሣሪያዎቹ ውስጥ ያለው የጥቁር ሕዝብ መለኪያ በአብዛኛው የተቀመረው ከጥቁር አሜሪካውያን ነው፤ የደረቱ ስፋትና ኑሮው ለተለየ የወሎ ደገኛ ምን ያህል እንደሚስማማ ሊያጠያይቅ ይገባል። በዚህ የተነሣ ከመቶኛው ይልቅ የታካሚዋን ቁጥር ከራሳቸው ቁጥር ጋር በጊዜ ሂደት ማነጻጸርን መረጥኩ።

የልብ አልትራሳውንድ የልባቸው ጡንቻም ሆነ የሳንባቸው ደም ሥር ግፊት ደኅና መሆኑን አሳየ። ለሲቲ ስካኑ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ በሐምሌ የዕቁባቸው ተራ ሲደርሳቸው አሠሩት። በትላልቆቹ የሳንባ ደም ሥሮች የረጋ ደም አልነበረም። በሁለቱም ሳንባ ግርጌ ግን ደብዘዝ ያለ የመስተዋት ጭጋግ የመሰለ ጥላ፣ በጠርዙም የጠባሳ ክሮች ታዩ፤ በሁለት ቦታ ጠባሳው ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎችን ስቦ አስፍቷል። ጭጋጉ ሊጠፋ የሚችል ቁስል ነው፤ ክሮቹ በከፊል የሚቀሩ ናቸው። የሁለቱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚገልጠው ጊዜ ብቻ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ሁኔታ ትርጉም ያወጣው ቆየት ብሎ፣ መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሕመሙ መጀመር ሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ ምርመራ የማይብራራ ምልክት ይላል። የመጨረሻው ሐረግ በእኛ አገር ከባዱ ነው፤ ነቀርሳን፣ የደም ማነስን፣ የልብ ሕመምንና የጭስ ሳንባን ሳይለዩ «የኮሮና ርዝራዥ ነው» ማለት አይቻልም። የጭስ ሳንባን እኔም በወቅቱ አሳንሼ እንዳየሁት ወደ ኋላ ይታያል።

ሕክምናው

ቁስልን የሚያበርደውን የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ ልስጥ ወይስ ልተው የሚለው ለሁለት ሳምንት አሳስቦኛል። በዚያን ጊዜ የነበረው ማስረጃ ጥቂት ታማሚዎች የተሻላቸው ስለመሆኑ ከእንግሊዝ የወጣ አነስተኛ ዘገባ ነበር፤ በአንጻሩ ደግሞ ተደብቆ የተኛ ነቀርሳን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ነቀርሳ በበዛበት አገር መስጠት አለ። የነቀርሳ ምርመራው ሁለቴ ነጻ መሆኑን፣ ጭጋጉ ገና መኖሩንና ሴትዮዋ እየደከሙ መሄዳቸውን አይቼ፣ ጉዳትና ጥቅሙንም ከእርሳቸው ጋር ተነጋግሬ፣ በቀን 30 ሚሊ ግራም ጀመርኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነስኩም በስምንት ሳምንት አቆምኩት። የደም ስኳራቸውን በየቀጠሮው እንለካ ነበር። በኋላ በ2022 እ.ኤ.አ. ከሕንድ የታተመ፣ 130 ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት በቀን 40 ሚሊ ግራምና 10 ሚሊ ግራም ለስድስት ሳምንት ተሰጥተው ልዩነት እንዳላሳዩ ገልጿል። ዛሬ ቢሆን በ10 እጀምር ነበር። ታካሚዋን ያሻላቸው መድኃኒቱ ነው ብዬም አልደመድምም፤ ይህ ቁስል ያለ መድኃኒት የሚሽርበት ብዙ ሰው አይቻለሁ።

የበለጠ የሠራነው በዳገቱ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከቤታቸው 40 እርምጃ ሽቅብ ወጥተው፣ ትንፋሽ ሳይቆርጣቸው በፊት እንዲቆሙ ተስማማን። ሲቆሙ ትኩስ ቡና እፍ እንደሚሉ ከንፈራቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ያስወጣሉ። በሳምንቱ 10 እርምጃ የሚጨመረው በማግስቱ አልጋ ላይ ካልዋሉ ብቻ ነው፤ ከዋሉ ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ የማግስት ደንብ ለእኔ ከሁሉ በላይ ነው፤ «በርቺ፣ ተንቀሳቀሺ» ብቻ ተብለው ራሳቸውን ገፍተው ሳምንት ሙሉ የተኙ ታማሚዎች ስላሉ። ከእርሳቸው የተማርኩት መለኪያም አለ። «ዙህርን አራቱንም ረከዓ ቆሜ ከሰገድኩ ያን ቀን ደኅና ነኝ» አሉኝ፤ ዙህር የቀትር ሶላት፣ ረከዓ ደግሞ የሶላቱ አንድ ዙር ነው። መቆም፣ ማጎንበስ፣ መስገድና መነሣት ያለበት ሶላት እኛ ክፍል ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ከወንበር እያስነሣን ከምናስቀምጥበት ፈተና ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ልጃቸው በየቀኑ ስንት ረከዓ ቆመው እንደሰገዱ በደብተር እንድትመዘግብ አደረግሁ።

ለሽታው ባሕር ዛፍ፣ ሎሚ፣ ቅርንፉድና ጤና አዳም በየተራ ጠዋትና ማታ፣ ሽታውን እያሰቡ እንዲያሸቱ ነገርኳቸው። ፀጉሩ በራሱ ይመለሳል አልኳቸው፤ ተመለሰም።

በመስከረም 2014 ዓ.ም. በ6 ደቂቃ 388 ሜትር ሄዱ፤ ኦክሲጅናቸው ከ94 ወደ 89 ብቻ ወረደ። ጠቅላላው አየር 2.08 ሊትር፣ በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው 1.60 ሊትር ሆነ። ፕሬድኒሶሎኑ በዚያው ወር መጨረሻ አለቀ። ዳገቱን ሲወጡ የሚያርፉት አንድ ጊዜ ነበር።

ክትትሉ የተቋረጠበት ወቅት

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ታካሚዋ ከልጃቸው ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ተፈናቀሉ፤ ከፊሉን በመኪና፣ ከፊሉን በእግር። ከደሴ የሚበልጥ ከፍታና ብርድ ባለበት ከተማ በመጠለያ ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ቆዩ። ስቴሮይዱ ቀድሞ ማለቁን ሳስብ ዛሬም እፎይ እላለሁ፤ ለሳምንታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሰውን ሊጥል ይችላልና።

በጥር ወር ተመልሰው መጡ። እኛ ዘንድ ግን ስፓይሮሜትሪው አልነበረም፤ ከብዙ የሕክምና ዕቃዎች ጋር ጠፍቷል። የካርዳቸው ክፍልም አልተገኘም። የቀረልን የልጅቱ ደብተርና ስልክ፣ ወለሉ ላይ ያለው የ30 ሜትር መስመር፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ ሰዓትና የግሌ ኦክሲሜትር ነበር። በእነርሱ ሠራን። በሰኔ 2013 በአንድ ደቂቃ 11 ጊዜ ብቻ ከወንበር ተነሥተው የተቀመጡት ታካሚ አሁን 18 ጊዜ ቻሉ፤ ኦክሲጅናቸውም ከ94 ወደ 90 ወረደ። በኮሪደሩ 401 ሜትር ሄዱ። በመንገድ ላይ ስንት ቦታ እንዳረፉ ስጠይቃቸው «ሰው ሁሉ ያርፍ ነበር ልጄ፣ የእኔ አልታወቀም» አሉኝ።

ከሥሩ የተገኘው ሁለተኛ ሕመም

አዲስ ስፓይሮሜትሪ አግኝተን የለካናቸው በግንቦት 2015 ዓ.ም. ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ሚያዝያ 27 ማብቃቱን ባወጀ በሳምንታት ውስጥ። ታካሚዋ 50 ዓመት ሆኗቸዋል። በ6 ደቂቃ 447 ሜትር ሄዱ፤ ኦክሲጅናቸው ከ95 ወደ 92 ብቻ ወረደ። ዳገቱን ሳያርፉ ይወጣሉ፤ ሶላትም ቆመው ነው የሚሰግዱት። በደረታቸው ግርጌ የነበረው የመንጣጣት ድምፅ በግራ በኩል ጥቂት ቀርቷል። እንደዳኑ ቆጥሬ ልሸኛቸው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ጥቂት አክታ ያለው ሳል ግን ነበራቸው።

ጠቅላላው አየር 2.47 ሊትር፣ ማለትም ከሚጠበቀው 90 በመቶ ሆኗል። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ግን 1.64 ሊትር ብቻ፣ 76 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲካፈሉ 0.66 ይመጣል፤ ከሳልቡታሞል በኋላም 0.68 ላይ ቀረ። ከ0.70 በታች የሆነና በመድኃኒት የማይመለስ ውጤት የአየር ቧንቧ መጥበብን ያመለክታል፤ ሲጋራ በማያጨሱና ለዘመናት በማገዶ ጭስ ውስጥ በኖሩ ሴቶች ላይ የሚገኘው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ይህ ነው።

ይህ ሕመም በሁለት ዓመት ውስጥ የመጣ አይመስለኝም። ቁጥሮቹን በተርታ ሳያቸው 0.84፣ 0.77፣ 0.66 እያሉ ወርደዋል፤ በየደረጃው ግን ታካሚዋ እየተሻላቸው ነበር። ሳንባው በኮሮና ጠባሳ ተኮማትሮ ሳለ የሚወጣው ጠቅላላ አየር ትንሽ ስለነበር በመጀመሪያው ሰከንድ የሚወጣው ድርሻ ትልቅ መስሎ ታየ፤ ጠባሳው የአየር ቧንቧዎችን ከውጭ ስቦ ክፍት አድርጎ መያዙም ሊረዳ ይችላል። ጠባሳው ሲለቅ ከሥሩ የነበረው የቧንቧ መጥበብ ብቅ አለ። በሰኔ 2013 0.84ን አይቼ «ቧንቧዎቹ ክፍት ናቸው» ብዬ ጻፍኩ፤ የ25 ዓመት ጭስ ከጻፍኩበት ገጽ ላይ እያለ። ከኮሮና የዳነች ጋጋሪ ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ መለካት እንዳለባት ከዚህ ጉዳይ ያገኘሁት ነገር ነው፤ የኮሮናው ጉዳት ሲሻል «ጨረስን» ብሎ መዝገብ መዝጋት የጭሱን ጉዳት እንደሸፈኑ መተው ይሆናል።

ውጤቱን ሳስረዳቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እትዬ፣ አሁን ያለው ሕመም ከኮሮናው የተለየ ነው፤ ምጣዱ ሥር ያለው ነው» ስላቸው፣ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «ይህ ጭስ ይገድልሻል» ይሉ እንደነበር ነገሩኝ። ኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ወደ እንጨት ይመለሳሉ፣ ደንበኛ አይጠብቅምና። ያደረግነው የሚቻለውን ነው። ለልጃቸው የጠበቀው የዕቁብ ብር ከምድጃው በላይ በጣሪያው ወጥቶ የሚሄድ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ሆነ፤ በእንጨት በሚጋገርበት ቀንም እሳቱን የምታነድደው ልጅቱ ብቻ ሳትሆን ሁለቱ እየተፈራረቁ፣ በሩ ተከፍቶ እንዲሆን ተስማሙ። የሚነፋ ሳልቡታሞል በላስቲክ ጠርሙስ ከተሠራ ማስተላለፊያ ጋር ሰጠኋቸው፤ ዳገት ከመውጣታቸው በፊት ሁለት ጊዜ እንዲወስዱት። ልጅቱንም ለካናት፤ 24 ዓመቷ ነው፣ ቁጥሯ ደኅና ነው።

ሽታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቡና ቡና ይሸታቸዋል፤ የሊጡን መኮምጠር ግን አሁንም በምላሳቸው ጫፍ ቀምሰው ነው የሚያውቁት።

ቀጣዩ ቀጠሯቸው ጭስ ማውጫው ከቆመ ዓመት ሲሞላው እንዲሆን አድርገናል። በዚያ ቀን ኮሪደሩም ስፓይሮሜትሪውም ይደገማሉ፤ የመጀመሪያው ሰከንድ 1.64 ሊትር ላይ ቆሞ እንደሆነ ወይም እየወረደ እንደሆነ የምናየው ያን ጊዜ ነው።